ከተኩስ በኋላ የሚነገር ቃል፤ በከሚሴና በአካባቢዋ ጉዳይ ላይ የተደረገ አጭር ጥናት

አንድ የአገር መሪ ሁለት ዓይነት የሞት ወሬ ሊደርሰው ይችላል። አንደኛው «ፖሊስ ሰው ገደለ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ፖሊስ ተገደለ» የሚል ነው። ሟቾቹ ያንድ አገር ልጆች፣ አልቃሾቹም ያንድ አገር እናቶች ናቸው። ይሁን እንጂ መሪው ለመጀመሪያው ወሬ የሚሰጠው መልስና ለሁለተኛው የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አይመሳሰልም። ስለ አንዱ ዝም ሲል ስለ ሌላው ይጮኻል። አንዱን «ሕግ ማስከበር» ሲለው ሌላውን «ሽብር» ይለዋል። ይህ ልዩነት ከምን መጣ? የሚያስከትለውስ ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በከሚሴና በአማራ ክልል ባለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በሆነው ነገር አስደግፎ መመርመር ነው። ጉዳዩ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። በየመኝታ ክፍላችን የዚያ አካባቢ ልጆች አሉ፤ በጉዳዩም ላይ የምንከራከረው ብዙ ጊዜ ከማስረጃ ይልቅ በወገን ነው።

1. የነገሩ መሠረት

ፖሊስ ማለት ሕዝብ መሣሪያ አስይዞ የቀጠረው ዘበኛ ነው። ገበሬውና ነጋዴው ግብር የሚከፍሉት፣ ሌሊት በሰላም እንዲያድሩና ቀን በሰላም እንዲገበያዩ ነው። ስለዚህ ፖሊስ ያለ ሕግ ሲገድል በደሉ ከወንበዴ በደል ይብሳል፤ ተበዳዩ አቤት ሊልበት የሚሄድበት ደጅ ራሱ የበዳዩ ደጅ ይሆንበታልና። እንደዚሁም ፖሊስ በሥራው ላይ ሳለ ሲገደል ጉዳቱ በሟቹ ቤት ብቻ አይቀርም። የሕግ አጥር ይነቃነቃል፤ ከዚያም በኋላ እያንዳንዱ ሰው ወደ ገዛ ጠመንጃው ይመለከታል። ሁለቱ በደሎች አንዱን ምሰሶ ከሁለት ወገን የሚቆርጡ መጥረቢያዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። የ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 የእያንዳንዱን ሰው ሕይወት ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 18 ጭካኔ ያለበትን አያያዝ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆንና ባለሥልጣንም ለሥራው ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 424 በያዘው ሰው ላይ ግፍ የሚፈጽመውን የመንግሥት ሠራተኛ ይቀጣል። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 እ. ኤ. አ. በሐቫና ባወጡት መሠረተ ሐሳብ፣ ፖሊስ ሊገድል የሚችል ኃይል የሚጠቀመው የሰውን ሕይወት ለማዳን ሌላ መንገድ ሲያጣ ብቻ ነው። የበታቹ ያለ ሕግ ሲገድል እያወቀ ያላስቆመ አለቃም ይጠየቃል። ሕግ አለ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምናየው ግን ሕጉ በመሪዎች አፍ ላይ ምን እንደሚሆን ነው።

2. ቦታው

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በአማራ ክልል ውስጥ ከደቡብ ወሎና ከሰሜን ሸዋ መካከል ይገኛል። ዋና ከተማው ከሚሴ ነው። ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ባቲና ደዌ ሐረዋ ወረዳዎቹ ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና በመካከሉ ያልፋል፤ የቦርከና ወንዝም የጨፋን ረግረግ እያጠጣ ይወርዳል። በ1999 ዓ. ም. በተደረገው ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ450,000 በላይ ነበር። የዞኑ ሕዝብ በብዛት ኦሮሞና እስላም ነው፤ በውስጡም በዙሪያውም አማራ አለ፤ በምሥራቅ ደግሞ አፋር ይዋሰነዋል። በሰንበቴና በባቲ ገበያ ሦስቱም ይገናኛሉ። ጨው፣ ከብትና እህል ሲለዋወጡ፣ ሲጋቡና ሲዋለዱ የኖሩ ናቸው። አማርኛና ኦሮምኛ ባንድ አፍ መናገር በዚያ አገር ትምህርት የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ስለ አስተዳደሩ ሁለት ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የክልሉ ሕገ መንግሥት ለኦሮሞ፣ ለአዊና ለዋግ ኽምራ የራሳቸውን የብሔረሰብ ምክር ቤት ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ የዞኑ ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ወደ ታች ለመረጠው ምክር ቤት፣ ወደ ላይ ደግሞ ለባሕር ዳር ነው። ሁለተኛ፣ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል፤ «ልዩ ኃይል» የሚባለውን ሠራዊት ግን በስም አያውቀውም። ይሁን እንጂ ልዩ ኃይሎቹ በየክልሉ አደጉ፤ ከፖሊስነት አልፈው ወደ ጦርነት ተጠጉ። በከሚሴ አካባቢ ሰው ተገደለ ሲባል ጥያቄው «ማን ተኮሰ?» ብቻ ሆኖ የማይቀረው ለዚህ ነው። «የማን ሠራዊት ተኮሰ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል።

3. በ2011 እና በ2013 የሆነው

በመጋቢት ወር መጨረሻ 2011 ዓ. ም. በአጣዬ፣ በካራቆሬ፣ በማጀቴና በከሚሴ አካባቢ ተኩስ ተነሣ። ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ፤ መንገዱም ተዘጋ። የፌዴራል ኃይልም ገባ። የክልሉ የጸጥታ ሹማምንት የተደራጀና በሚገባ የታጠቀ ኃይል እንዳለበት ተናገሩ፤ ብዙ ሰውም ጣቱን በኦነግ ላይ ቀሰረ። ኦነግ ግን እጄ የለበትም አለ። ማን ምን እንዳደረገ በገለልተኛ ወገን ተጣርቶ ለሕዝብ ሳይነበብ ነገሩ በረደ። የበረደ እንጂ የጠፋ እሳት አልነበረም።

በመጋቢት 10 ቀን 2013 ዓ. ም. እንደ ገና ነደደ። በዜና እንደ ተዘገበው የነገሩ መነሻ አንድ ኢማም በመስጊድ ደጅ በጥይት መመታታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ልዩ ኃይሉና የታጠቁ ሰዎች ተዋጉ፤ ባዶ እጁን ያለው ሕዝብም በሁለቱም ወገን አለቀ። የኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በሰሜን ሸዋ የሞተው ሰው ከ300 በላይ መሆኑን አስታወቀ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ አጣዬ ከተማ ብዙው ክፍሏ ተቃጠለ። በሚያዝያ 10 ቀን ሰሜን ሸዋ፣ ደቡብ ወሎና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በኮማንድ ፖስት ሥር እንዲተዳደሩ ተደረገ። በዚያው ሳምንት በባሕር ዳር፣ በደሴ፣ በወልድያና በደብረ ብርሃን ሕዝብ ለተቃውሞ ወጣ።

አሁን የመሪዎቹን ቃል እንመልከት። የአማራ ክልል ባለሥልጣናት ጥፋቱን ሁሉ ኦነግ ሸኔ በሚሉት ኃይል ላይ ጣሉ። በኦሮሞ በኩል የተናገሩት ሹማምንት ደግሞ የአማራን ልዩ ኃይል ከሰሱ። ሁለቱም ያንድ ገዢ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ስለ አጣዬ ሲያለቅስ ስለ ጅሌ ጥሙጋ አላነሣም፤ ሌላው ስለ ኢማሙ ሲናገር በአጣዬ ስለ ተቃጠሉት ቤቶች ድምፁ ቀነሰ። ሙታን በወገን ተከፈሉ ማለት ነው። የከሚሴ ሰው «የኛን ሞት ባሕር ዳር አልቆጠረውም» አለ፤ የአጣዬ ሰው «የኛን ሞት አዲስ አበባ አልቆጠረውም» አለ። ሁለቱም መንግሥት የለኝም ወደሚለው አንድ መደምደሚያ ደረሱ። መንግሥት የለኝም ያለ ሰው ቀጥሎ የሚፈልገው ጠመንጃ ነው።

4. አምስቱ የመሪዎች መልሶች

ያገራችንን የ50 እና የ60 ዓመት ታሪክ ስንመረምር መሪዎች ለእንዲህ ያለ ደም የሚሰጡት መልስ በአምስት ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው ዝምታና ተጨማሪ ጥይት ነው። በታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ. ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ ተማሪዎች ሬሳውን ይዘው በስድስት ኪሎ ግቢ ሲያለቅሱ ክቡር ዘበኛ ገብቶ ተኮሰ፤ ብዙዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። በዚያን ዘመን «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል ገና ሕግን ይተካ ነበር። ይሁን እንጂ ያልተመለሰው ጥያቄ ከ4 ዓመት በኋላ ከዙፋኑ ሥር ተነሣ።

ሁለተኛው በቀልን ከአደባባይ ማወጅ ነው። በ1969 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የደርግ ሰዎች በከተማ ታጣቂዎች ይገደሉ ነበር። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ ወር በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት ሰበሩ። የመንግሥት ሰዎች መገደላቸው እውነት ነበር። መሪው የሰጡት መልስ ግን ለየቀበሌው ታጣቂ ያለ ፍርድ የመግደል ፈቃድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለቀውን ወጣት ሁላችንም ከወላጆቻችን ሰምተናል። ከመሪ አፍ የሚወጣ ቃል በመጨረሻው ታጣቂ ጆሮ ላይ ትእዛዝ ሆኖ እንደሚደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሦስተኛው አጣሪ አቋቁሞ አጣሪውን መፍራት ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ. ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ ሰው ተገደለ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በሟቾቹ ማዘናቸውን ገልጸው፣ ነገር ግን ሰልፉ ቦምብ የተወረወረበት እንጂ እንደ ተለመደው ሰልፍ አልነበረም ሲሉ ተናገሩ። ምክር ቤቱም በዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ቆጠረ። የሁለቱንም ወገን ሙታን ባንድ መዝገብ መጻፉ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን የተወሰደው ኃይል ከመጠን ያለፈ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ጥያቄ ላይ 8 አባሎች «ያለፈ ነበር» ሲሉ 2 ብቻ ተቃወሙ። ሰብሳቢውና ምክትላቸው ወልደ ሚካኤል መሸሻ ከአገር ለመውጣት ተገደዱ። በ1999 ለምክር ቤቱ የቀረበው ዘገባ የሙታኑን ቁጥር እንዳለ ይዞ፣ የተወሰደው እርምጃ ግን ተገቢ ነበር አለ። ቁጥሩ ሳይለወጥ ፍርዱ ተገለበጠ።

አራተኛው ሐዘንና ምስጋናን አዋሕዶ ማቅረብ ነው። በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ. ም. በቢሾፍቱ በእሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጢስ ከተተኮሰ በኋላ በተፈጠረው መረጋገጥ መንግሥት እንኳ ያመነው ሟች ከ50 በላይ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ የሐዘን ቀን አወጁ፤ በዚያው ንግግር ግን የጸጥታ ኃይሉን አመሰገኑ፤ ጥፋቱንም በሁከት ፈጣሪዎች ላይ አደረጉ። ምስጋናው ከምርመራው ቀደመ። ጥቂት ቀን ቆይቶም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በሚያዝያ 2009 የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ለምክር ቤት ባቀረበው ዘገባ በሁከቱ 669 ሰው ሞቷል፤ ከነዚህም 63ቱ የጸጥታ ሰዎች ነበሩ፤ 33ቱ በኦሮሚያ፣ 30ዎቹ በአማራ ክልል። ይህም የሚያሳየው ጥይቱ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አለመሆኑን ነው።

አምስተኛው ጥፋትን ማመን ነው። በሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ. ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ በምክር ቤት ፊት፣ እስረኛን መግረፍና በጨለማ ቤት ማሰቃየት ሕገ መንግሥቱ እንደማይፈቅድና መንግሥት ራሱ የፈጸመው ሽብር እንደ ነበረ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ቃል ከኢትዮጵያ መሪ አፍ ሲወጣ ብዙ ሰው አለቀሰ። ነገር ግን ማመን የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከማመን በኋላ ነፃ አጣሪ፣ ከአጣሪ በኋላ ፍርድ፣ ከፍርድ በኋላ የተቋም ለውጥ ካልተከተለ የተናገሩት ቃል በአየር ላይ ይቀራል። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ የነበሩት አባቶቻችን ይህን በሚገባ ያውቁት ነበር።

5. ያልተዘጋ መዝገብ

በዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ መጨመር ይገባል። በሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ. ም. በጎንደር ከተማ የጸጥታ ኃይሎች ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ ሲሞክሩ ተኩስ ተከፈተ፤ የጸጥታ ሰዎችም ሞቱ። መንግሥት ነገሩን ሽብር አለው፤ ሕዝቡ ግን ኮሎኔሉን እንደ ጀግና አያቸው። በየካቲት 2010 ተፈቱ፤ ቆይተውም ባለሥልጣን ሆኑ። እዚህ ላይ ስለ ኮሎኔሉ ለመፍረድ አልነሣሁም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የተያዙበት መንገድ ሕጋዊ ነበርን? የሞቱትስ የጸጥታ ሰዎች በማን እጅና በምን ሁኔታ ሞቱ? ፖለቲካው ሲለወጥ «አሸባሪ» የነበረው «ጀግና» ይሆናል፤ ታዞ የሄደው ወታደር ግን በሁለቱም ዘመን ስሙን የሚጠራለት አያገኝም። መሪዎች ፖሊስን የሚያከብሩት በሕይወት ሳለ ስለሚያገለግላቸው ብቻ ከሆነ፣ ፖሊሱ ራሱ ይህን ያውቀዋል።

ልዩ ኃይሎችም ያስተማሩን ይህንኑ ነው። በሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ. ም. የአማራ ክልል ፕሬዚዳንት ዶክተር አምባቸው መኮንን በባሕር ዳር በስብሰባ ላይ ሳሉ ተገደሉ። መንግሥት ድርጊቱን የመሩት የክልሉ የጸጥታ ኃላፊ ናቸው አለ። በሚያዝያ 2013 አጣዬ ነደደች። በጥቅምት 2014 ደግሞ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ ደረሰ። በመጋቢት 2015 መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ወሰነ። ውሳኔው በሕገ መንግሥቱ ዓይን ሲታይ መሠረት ነበረው። ነገር ግን በቂ ምክክር ሳይደረግበት፣ የአካባቢው ሕዝብ ፍርሃት ሳይሰማ የመጣ በመሆኑ በአማራ ክልል ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ። በሚያዝያ 19 የክልሉ ብልጽግና ፓርቲ ኃላፊ አቶ ግርማ የሺጥላ በሰሜን ሸዋ ተገደሉ። በሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በጥር 2016 ለ4 ወር ተራዘመ። በዚያው በጥር ወር በመራዊ ከተማ የመንግሥት ኃይሎች ቢያንስ 45 ሲቪሎችን መግደላቸውን የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። ባለሥልጣን ይገደላል፤ ከዚያ ሲቪል ይገደላል። እያንዳንዱ ወገን በሌላው ሬሳ የራሱን ጥይት ያጸድቃል።

6. ከውጭ አገር ሁለት ምሳሌ

የመጀመሪያው ከደቡብ አፍሪካ ነው። በነሐሴ 2012 እ. ኤ. አ. በማሪካና የፕላቲኒየም ማዕድን ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በአንድ ሳምንት ውስጥ 10 ሰው ተገደለ፤ ከነዚህም 2ቱ ፖሊሶች፣ 2ቱ የኩባንያው ጥበቃዎች ነበሩ። በ16ኛው ቀን ፖሊስ 34 ሠራተኞችን ተኩሶ ገደለ። ጓዶቻቸው የተገደሉባቸው ፖሊሶች በቁጣ ላይ ነበሩ፤ ቁጣው ግን 34 ሰው ለመግደል ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም። ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ በዳኛ ፋርላም የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ የ10ሩንም የ34ቱንም ሞት ባንድነት መረመረ፤ በአደባባይ ምስክር ሰማ፤ በ2015 ታትሞ የወጣው ዘገባም የፖሊስን ዕቅድ ነቀፈ። የፖሊስ ኮሚሽነሯም ከሥራ ታገዱ። ፍርዱ ዘገየ፤ ብዙ ሠራተኛም አልረካም። ነገር ግን ዘገባው የአገሪቱ ሰው ሁሉ ሊያነበው የሚችል መዝገብ ሆኖ ቀርቷል።

ሁለተኛው ከአሜሪካ ነው። በሐምሌ 2016 እ. ኤ. አ. በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ጥቁር ሰዎች በፖሊስ ተገደሉ። በማግሥቱ በዳላስ ከተማ አንድ ሰው 5 ፖሊሶችን ገደለ። ፕሬዚዳንት ኦባማ በሟቾቹ ፖሊሶች መታሰቢያ ላይ ሲናገሩ የአምስቱን ፖሊሶች ሥራ አመሰገኑ፤ በዚያው ንግግር የሁለቱን ጥቁር ሰዎች ስም ጠሩ፤ የጥቁሮች ፍርሃትም ከባዶ እንዳልመጣ ገለጹ። ከሁለቱም ወገን ተነቀፉ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 5 ቀን 2008 ነበር፤ በጎንደር ተኩስ የተከፈተበት ያው ቀን። አሜሪካ ችግሯን ፈታለች ለማለት አይደለም፤ ከ4 ዓመት በኋላ በሚኒያፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞቷል። ይሁን እንጂ አንድ መሪ የሁለቱን ወገን ሙታን ባንድ ንግግር ውስጥ ሊያስታውስ እንደሚችል ምሳሌው ያሳያል።

7. መሪዎች ስለ ምን እንዲህ ይሆናሉ?

ምክንያቱ የሰው ክፋት ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ ሥልጣኑ በጠመንጃ የሚጠበቅ መሪ ጠመንጃ ያዡን ማስቀየም ይፈራል። ፖሊስን መጠየቅ የራሱን አጥር እንደ ማፍረስ ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ በብሔር በተከፈለ አስተዳደር ውስጥ ሹም የሚሾመው ስለ ወገኑ እንዲናገር ነው፤ ስለ ሌላው ሟች ቢያለቅስ «ከዳን» ይባላል። በ2013 ደግሞ ምርጫው በሰኔ ወር ሊደረግ 3 ወር ቀርቶት ነበር። ሦስተኛ፣ እውነቱን የሚያጣራ፣ ከሁሉም ወገን የሚታመን ተቋም አቅሙ ደካማ ነው። ስለዚህ መሪው የሚናገረው ከተጣራ ነገር ተነሥቶ ሳይሆን ወገኑ ከነገረው ነው። አራተኛ፣ አስቸኳይ መፍትሔ በእጁ ያለ ይመስለዋል፤ እርሱም ኮማንድ ፖስት ነው። ይህ ስም በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን የሚፈቅደው በምክር ቤት ማጽደቅ፣ በተወሰነ ጊዜና በመርማሪ ቦርድ ቁጥጥር ነው፤ በዚያም ጊዜ ቢሆን አንቀጽ 18 አይነካም። ሠራዊት እሳት ሊያጠፋ ይችላል። እሳቱን ማን እንደ ለኮሰው ፈርዶ ለሕዝብ መንገር ግን የሠራዊት ሥራ አይደለም።

8. አንድ ተቃውሞና መልሱ

«ፖሊስ በየቀኑ እየሞተ መሪው ስለ ፖሊስ ጥፋት ቢናገር የፖሊስ ልብ ይሰበራል፤ ሕግ የሚያስከብር ይጠፋል» የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር ሊናቅ አይገባም። በትንሽ ደመወዝ፣ ከቤተ ሰቡ ርቆ፣ በማያውቀው ቀበሌ ተመድቦ የሚሞተው ፖሊስ የድኻ ልጅ ነው። ነገር ግን ልቡን የሚሰብረው ምን እንደ ሆነ እንመርምር። ጥፋተኛው ጓደኛው ሳይጠየቅ ሲቀር ሕዝቡ የሚጠላው የደንብ ልብሱን ሁሉ ነው። ያን ጊዜ ኢማሙን ያልገደለው ፖሊስም በኢማሙ ደም ይፈለጋል። ስለዚህ አጥፊውን ለይቶ መቅጣት ላላጠፋው ፖሊስ የመጀመሪያው ጋሻ ነው።

እንደዚሁም «ግፍ የበዛበት ሕዝብ ፖሊስን ቢገድል ምን ያስደንቃል?» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ግፉ እውነት ነው። ነገር ግን በአጣዬም በጅሌ ጥሙጋም ያየነው፣ ለልዩ ኃይሉ የተተኮሰው ጥይት የሚመልሰው ጥይት መጨረሻው የገበሬው ጎጆ መሆኑን ነው። ታጣቂው ተኩሶ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ አሮጊቷ ግን ከቤቷ ወዴት ትሄዳለች?

9. የተማሪ ድርሻ

እኛ መሪዎች አይደለንም። ይሁን እንጂ የመሪዎችን ቃል አንባቢዎችና አሰራጮች ነን፤ ነገም ከመካከላችን ዳኛ፣ የፖሊስ አዛዥ፣ የዞን አስተዳዳሪና ጋዜጠኛ ይወጣል። ስለዚህ ከተኩስ በኋላ የሚወጣውን መግለጫ ሁሉ፣ ከወገናችንም የመጣ ቢሆን፣ በእነዚህ አምስት ጥያቄዎች እንድንመዝነው አሳስባለሁ።

አንደኛ፦ የሁለቱንም ወገን ሟቾች ይጠቅሳልን? ወይስ አንዱን በቁጥር ሌላውን በዝምታ ያልፋል?

ሁለተኛ፦ አጥፊ ነው የሚለውን ሰው በሥራው ይገልጸዋል ወይስ በብሔሩና በሃይማኖቱ?

ሦስተኛ፦ ምስጋናው ወይም ውግዘቱ ከምርመራው ቀድሟልን?

አራተኛ፦ አጣሪው ማን ነው? የሚያጣራው ራሱን ከሆነ አጣሪ አይባልም።

አምስተኛ፦ ውጤቱ በአማርኛም በኦሮምኛም ታትሞ በከሚሴም በአጣዬም ሊነበብ ነውን?

አምስተኛው ጥያቄ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የጋራ መዝገብ የሌለው ሕዝብ የጋራ አገር ሊኖረው አይችልም። ዛሬ የከሚሴ ልጅ አንድ ቁጥር፣ የአጣዬ ልጅ ሌላ ቁጥር ይዘው ያድጋሉ። ሁለቱ ባንድ ዩኒቨርሲቲ ሲገናኙ የሚጣሉት ስለ ዛሬ ኑሮ አይደለም፤ ባልተጻፈው መዝገብ ላይ ነው። በየወረዳው የሞተው ሰው ሁሉ፣ ሲቪሉም ፖሊሱም፣ በስሙ የሚሰፍርበት፣ የሟቾቹም ዘመዶች ቀርበው የሚመሰክሩበት አንድ ገለልተኛ መዝገብ እንዲዘጋጅ መጠየቅ ከዩኒቨርሲቲ ሰው የሚጠበቅ ነው። የሕግ ተማሪው ሕጉን፣ የታሪክ ተማሪው አመዘጋገቡን፣ የቋንቋ ተማሪው ትርጉሙን ሊረዳ ይችላል።

ማኅበራችን በሚቀጥለው የውይይት ስብሰባ ይህን ጉዳይ ቢያነሣው መልካም ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ የመጀመሪያውን ቃል የጅሌ ጥሙጋ ልጅ ስለ አጣዬ ሟቾች፣ ሁለተኛውን የአጣዬ ልጅ ስለ ጅሌ ጥሙጋ ሟቾች ቢናገሩ፣ ሹማምንቱ በ2013 ሊያደርጉት ያልቻሉትን ተማሪዎች አደረጉት ይባላል።